የዘሃራ አሳዳጊ

በአንድ ወቅት፣ ሩቅ እንዳይመስላችሁ፣ ወሎ ውስጥ አያ እንድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ ሞት አፋፍ ላይ ደረሱ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጓት የልጅ ልጃቸው ዘሃራ ወረዳው ከተማ ስምንተኛ ክፍል ትማራለች፤ የክፍሉ ፈተናም ደርሷል። ሦስቱን ወንዶች ልጆቻቸውን ጠርተው፣ «ዘሃራን ሳላይ እንዳልሞት። ያመጣልኝ እሱ ያሳድጋት» አሉ።

ትልቁ ይመር በወጉ ላስፈቅድ ብሎ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄደ። ማመልከቻ ጻፍ ተባለ፤ ጻፈ። ቀን የለውም ተባለ፤ ቀን ጨመረ። በመጨረሻ ሰውዬው መዝገብ ገለጥ አድርጎ፣ «አሳዳጊ የተባሉት አቶ እንድሪስ ናቸው። ራሳቸው መጥተው ይፈርሙ» አይልም?

«ጌታዬ፣ የሚሞቱት እኮ እሳቸው ናቸው።»

«እንግዲያው ፊርማቸውን አምጣ።»

እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል! ይመር ጥርሱን ነክሶ የሁለት ሰዓት መንገድ ተመለሰ። የሚያጣጥሩትን አባቱን አውራ ጣት ቀለም አስነክቶ ወረቀት ላይ አስጫነ። ከዚያ እንደገና ሽቅብ፣ በእግሩ።

መካከለኛው ሙሄ ይሄን አይቶ ደሙ ፈላ። የጎረቤት ሞተር ለምኖ በሌላ መንገድ ቀደመው። ማንንም አላስፈቀደም፤ በእረፍት ሰዓት ዘሃራን ባጥር ጠራት፣ ባጥር አሻገራት፣ ይዟት በረረ።

ትንሹ አህመዴ ካልጋው አጠገብ ንቅንቅ አላለም። አባቱ ዓይናቸውን ሊከድኑ ሲሉ፣ «አባ፣ ድልድዩን አልፋለች» ይላል። ደሞ ሊከድኑ ሲሉ፣ «ወፍጮ ቤቱ ጋ ደርሳለች።» ውሸቱን ነው። ሽማግሌው ግን በየውሸቱ አንዳንድ ትንፋሽ ቀጠሉ። ዘሃራ ስትገባ እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው፣ «ያመጣሽ ያሳድግሽ» ብለው አለፉ። ማን እንዳመጣት አልጠየቁም።

ያኔ ይመር ትምህርት ቤት ነው። የዘሃራ ወንበር ባዶ ነው፤ ርዕሰ መምህሩም ስሟን ከተፈታኞች ዝርዝር ሊሰርዝ ብዕር አንስቷል። ይመር የአባቱን አሻራ ፊቱ ዘረጋለት። «ያለ ፈቃድ አልወጣችም። ፈቃዱ ነው የዘገየው» አለው። ብዕሩ ተመለሰ። ይመር ግን አባቱን በሕይወት አልደረሰባቸውም።

ከለቅሶው በኋላ ዘሃራ ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዛ መጣች፤ አዲሱ አሳዳጊ ስሙ ተጽፎ ይፈርም ይላል።

ሙሄ፣ «ያመጣኋት እኔ» አለ።

አህመዴ፣ «እኔ ባልዋሽ ለሬሳ ነበር የምታመጣት።»

ይመር፣ «እናንተ ሰዎች፣ ዛሬ የምትማረው በማን ወረቀት ነው?»

ዘሃራ እስክሪብቶዋን ዘርግታ ቆማለች። እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ የማንን ስም ትጻፍ?