ታርሞ የተመለሰው ደብዳቤ

አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩ። መምህር ገሰሰ ይባላሉ። በአንዲት የደጋ ከተማ ሃያ ስድስት ዓመት አስተምረዋል። ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ታሪኩን ስትጨርሱ «ክፉ ሰው ነበሩ» ብላችሁ እንዳትገላገሉ ነው። ክፉ ቢሆኑማ ኖሮ ታሪካቸው ለእኔና ለእናንተ ምን ይጠቅመን ነበር?

መምህሩ ከእንግሊዝኛ ግሦች ሁሉ አንዱን አብልጠው ይወዱ ነበር። «ከም» የሚለውን። መምጣት ማለት ነው። «ይህን ማንም የአምስተኛ ክፍል ልጅ ያውቀዋል፤ አጠቃቀሙን ግን ማንም አያውቀውም» ይሉ ነበር። አንዲት ትንሽ ቃል ስትከተለው መመለስ ይሆናል፤ ሌላዋ ስትከተለው ሳይፈልጉ ድንገት ማግኘት ይሆናል። የሕልም እውን መሆን፣ የአበባ መፍካት፣ በበሽታ መያዝ ሳይቀር በዚሁ ግስ ይነገራል። መምህሩ ይህን ሁሉ በአንድ ወፍራም ደብተር ሲለቅሙ ኖረው ሰማንያ ሁለት አጠቃቀም ደርሰዋል። ደብተሩን ከተማሪ ወላጅ እስከ ወረዳ ተቆጣጣሪ ድረስ ያላሳዩት ሰው የለም። ተማሪዎቹ በሌሉበት «ቲቸር ከም» ይሏቸዋል። እሳቸውም ይህን ያውቃሉ፤ ቅር አላላቸውም።

ሚስታቸው ቀድማቸው አርፋለች። የቀረቻቸው አንዲት ልጅ ናት፤ ጥሩወርቅ። እሷም እንደ አባቷ መምህር ሆነችና ቆላ ወረደች፤ አውቶቡስ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ወደሚደርስበት መንደር ተመደበች። ስልክ በየሰዉ ኪስ ያልገባበት ዘመን ነው። ስለዚህ አባትና ልጅ አንድ ሥርዓት አወጡ። ልጅ በየሳምንቱ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ትጽፋለች፤ አባት በቀይ እስክሪብቶ አርመው፣ ከአሥር ውጤት ሰጥተው ይመልሱላታል፤ ልጅ የታረመውን ዓረፍተ ነገር አምስት አምስት ጊዜ ጽፋ ከሚቀጥለው ደብዳቤ ጋር ትልካለች። ሰው ቢሰማ ይስቅ ይሆናል። ለሁለቱ ግን ፍቅራቸው ይኸው ነበር። መምህሩ «ናፍቀሽኛል» ማለት አይሆንላቸውም፤ ቀይ ምልክት ማድረግ ግን ይሆንላቸዋል። እሷም ይህ ገብቷት ነበር መሰለኝ፣ አንዱንም ወረቀት ሳትጥል አስቀምጣለች። ውጤቷ ከዘጠኝ ወርዶ አያውቅም።

በአንድ የግንቦት ቅዳሜ የተለየ ደብዳቤ መጣ። ሐሳቡ ይህ ነው፦ «አባባ፣ ወባ ይዞኛል። ዛሬ ዘጠኝ ቀኔ ነው። ትኩሳቱ ሄደ ስል ይመለሳል። ጤና ጣቢያው የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ስለሆነ ብቻዬን አልችለውም። እንዲመጡልኝ እፈልጋለሁ።» አጻጻፉ ግን የጥሩወርቅ አይመስልም። መስመሩ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ አንዳንዱ ቃል ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ያንን የአባቷን ግስ ሳይቀር አራት ቦታ አበላሽታዋለች።

እውነቱን ልናገርና፣ መምህሩ መጀመሪያ የደነገጡት ለወባው ነው። ከወንበራቸው ብድግ ብለው ነበር። ነገር ግን እጃቸው በልማድ ወደ ኪሳቸው ገብቶ ቀዩን እስክሪብቶ አወጣ። ተቀመጡ፤ ማረም ጀመሩ። እያረሙ ሲሄዱ ድንጋጤያቸው ወደ ንዴት ተለወጠ። ስህተቱ አሥራ አንድ ደረሰ! ከአሥር ሦስት ሰጧትና ከግርጌው እንዲህ ጻፉ፦ «ልጄ፣ እግዜር ይማርሽ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና እንዳለቀ እመጣለሁ። ሆኖም ይህን ግስ እንዲህ ማበላሸት ካንቺ አይጠበቅም። የታረመውን አምስት አምስት ጊዜ ጻፊ።»

ሰኞ ዕለት ወረቀቱን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ለአማርኛ መምህሩ ለአቶ ደምለው አሳዩአቸው። ሁለቱ የልብ ወዳጆች ናቸው።

«እየው እስቲ፤ የኔ ልጅ ናት ይህን የጻፈችው?» አሉ።

አቶ ደምለው እንግሊዝኛቸው ብዙም አይደለም። ቀስ ብለው አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ገሰሰ፣ ልጅቷ እኮ ታማለች።»

«አውቃለሁ። ፈተናው ሊጀመር ነው፣ ጥዬ የት እሄዳለሁ? ደግሞ ሁለት ገጽ የጻፈ ሰው ምን ይሆናል ብለህ ነው?»

«ከዚህ በፊት እንዲህ ተሳስታ ታውቃለች?»

«በፍጹም! እኔንም የገረመኝ እሱ ነው።»

«አንተን ገረመህ፤ እኔን ግን አስፈራኝ» አሉ አቶ ደምለው። «ፈተናውን እኔ ቆሜ አስፈትንልሃለሁ፤ አንተ ሂድ።»

መምህር ገሰሰ ሳቅ ብለው የአማርኛ መምህር የእንግሊዝኛ ፈተና ሲያስፈትን አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ። ቀልድ ነበር። አቶ ደምለው ግን አልሳቁም።

ሐሙስ ጠዋት መምህሩ አውቶቡስ ተራ ሄደው የታረመውን ደብዳቤ በመስኮት ለሾፌሩ አቀበሉት። ሾፌሩ ያውቃቸዋል።

«መምህር፣ ዛሬ እንኳን አብረውኝ ይውረዱ እንጂ፤ ቦታ ሞልቷል» አላቸው።

«በሚመጣው ሐሙስ» አሉ። አውቶቡሱ ሄደ፤ እሳቸውም ወደ ክፍላቸው ተመለሱ።

በሳምንቱ ፈተናው አለቀ። መምህሩ ታማሚ ባዶ እጅ አይጠየቅምና ሁለት ኪሎ ብርቱካን ገዝተው ሐሙስ ተሳፈሩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ እሳቸው ግን ጅቡ መሄዱን ገና አላወቁም። ቀኑን ሙሉ ተጉዘው ከመንደሩ ሲደርሱ የጥሩወርቅን ቤት ጠየቁ። የጠየቋቸው ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ሽማግሌ መልስ ሳይሰጡ ብርቱካኑን ከእጃቸው ተቀበሏቸውና ክንዳቸውን ይዘው መሩአቸው። መምህሩ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የተቀመጡ ሴቶችን ከሩቅ አዩ።

ጥሩወርቅ ከተቀበረች አራት ቀን ሆኗት ነበር።

ሲለቀስ አመሸ፤ ሲለቀስ አደረ። በማግስቱ ጠዋት የቤቱ ባለቤት እማማ ውዴ አጠገባቸው መጥተው ተቀመጡ። ልጅቷን ያስታመሙ እሳቸው ናቸው።

«ጌታዬ» አሉ፣ «በቃሬዛ ተሸክመን ጤና ጣቢያ እናድርስሽ ብንላት እምቢ አለችን። ‘ሐሙስ አባባ ይመጣሉ፤ እሳቸው ይወስዱኛል’ አለች። ሐሙስ አውቶቡሱ ሲመጣ በሰው ተደግፋ በር ላይ ወጣች። የወረደውን ሰው ሁሉ አየች። ከዚያ ሾፌሩ ወረቀቱን ሰጣት።»

መምህሩ አንገታቸውን ደፉ።

«አነበበችው። ከዚያ ደብተር አቀብሉኝ አለችን። ምነው ልጄ፣ ዕረፊ እንጂ ብላት ‘የቤት ሥራ አለብኝ፤ ካልጨረስኩ አባባ ያዝኑብኛል’ አለችኝ። ቅዳሜ ባሰባት። ያን ጊዜ ፈቃዷንም አልጠየቅን፤ ተሸክመን ወጣን። እሑድ ጎህ ሲቀድ እዚያው ጤና ጣቢያ አረፈች። ዘግይታችኋል አሉን።»

እማማ ውዴ ከመቀነታቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «ይኸው፣ የጻፈችው። እኔ ማንበብ አላውቅም፤ ምን ይላል?»

መምህሩ ወረቀቱን ዘረጉት። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። የእጅ ጽሑፉ እንደ ጀማሪ ልጅ የተንቀጠቀጠ ነው፤ ስህተት ግን የለውም። ቀስ ብለው በአማርኛ አነበቡላቸው።

«አባባ፣ እንዲመጡልኝ እፈልጋለሁ። አባባ፣ እንዲመጡልኝ እፈልጋለሁ። አባባ፣ እንዲመጡልኝ እፈልጋለሁ። አባባ፣ እንዲመጡልኝ እፈልጋለሁ።» አምስተኛው አላለቀም።

እማማ ውዴ በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። ነገሩ ግን አልገባቸውም። ክፋት አስበው አይደለም፤ እንዲሁ የዋህ ጥያቄ ጠየቁ።

«በፊትስ የጻፈችልዎ ይኸንኑ አልነበረም እንዴ?»

«ይኸንኑ ነው።»

«ታዲያ ምኑ አልገባዎ ብሎ ነው ያስደገሟት?»

መምህሩ «ገብቶኝ ነበር፣ እማማ። መጀመሪያውኑ ገብቶኝ ነበር» አሉ። ከዚያም ወረቀቱን ፊታቸው ላይ ይዘው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። ከዚህ በላይ ስለሳቸው የማውቀው የለም፤ ባውቅም አልነግራችሁም ነበር።

ወዳጆቼ፣ ሰው ሲጨንቀው አስተካክሎ አይናገርም። ትኩሳት ያለበት መስመር ይስታል፤ የከፋው ይጮኻል፤ የተቸገረ ነገሩን ከጅራቱ ይጀምራል። እኛ ደግሞ አራሚዎች ነን። ሚስት እያለቀሰች ስትነግረን «መጀመሪያ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ» እንላለን። ልጅ ፈርቶ ሲንተባተብ «እንደ ሰው ተናገር» እንለዋለን። ወንድም ከስንት ዓመት ኩርፊያ በኋላ የጎረበጠ ቃል ይዞ ደጃችን ሲመጣ ከቃሉ ውስጥ እሾሁን ለቅመን፣ መምጣቱን እንረሳለን። መምህር ገሰሰ ስህተቱን አንድ በአንድ ቆጠሩ፤ እንዲህ ተሳስታ የማታውቅ ልጅ ስለምን አሥራ አንድ ጊዜ እንደተሳሳተች ግን አልጠየቁም። የአንድን ቃል ሰማንያ ሁለት አጠቃቀም ማወቅ ትልቅ ዕውቀት ነው። ሰው ቃሉን ሲለን ተነሥቶ መሄድ ግን ከዕውቀቱ ሁሉ ይቀድማል፤ ለዚያ ደግሞ ደብተር አያስፈልግም።

እስቲ እርስዎም ያስቡት። ሰሞኑን በተሰባበረ ቃል «ኑልኝ» ያለዎት ሰው ማን ነው? እርስዎስ ሄዱለት፣ ወይስ አርመው መለሱለት?