በጆንያ የመጣ ንብ

በእኛ መንደር አንድ ሰው ሳይወድ አንድ ነገር ሲያደርግ «ተገደደ» አይባልም፤ «በጆንያ ገባ» ነው የሚባለው። ልጅቷን ያለፈቃዷ ከዳሯት «በጆንያ አስገቧት» ይባላል። ሽማግሌ ኩርፈኛውን አፋጦ ካስታረቀውም እንዲሁ። እንግዳ ሲሰማው የጥንት አባባል ይመስለዋል። የጥንት አይደለም፤ ገና ስድስት ዓመቱ ነው። ይህን የማውቀውም ጆንያውን የያዝሁት እኔ ስለሆንሁ ነው።

ከአሥራ አንድ ዓመት የባሕር ማዶ ትምህርት ተመልሼ ባሕር ዳር ቤት ተከራየሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ ርእስ ሰዎች እንዴት እንደሚወስኑ ነበር። አባቴ ሞቶ እናቴ ገጠር ብቻዋን ስለቀረች፣ እዚያው ሄጄ «ነይ አብረን እንኑር» አልኋት።

«ንቦቹን ለማን ትቼ ልጄ?» አለችኝ።

ማንኛውም የመንደሩ ሰው «አልሄድም» ማለቷ እንደሆነ ይገባው ነበር። እኔ ግን የተማርሁ ነኝና፣ ነገሩ የማጓጓዣ ችግር ሆኖ ታየኝ።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ ንቦቹ ለቀሰም ሳይወጡ፣ አባቴ የሠራውን ቀፎ ከነንቦቹ በጆንያ ጠቅልዬ ማሰር ጀመርሁ። ጎረቤታችን አያ ቢሻው፣ ዕድሜ ልካቸውን ንብ ያረቡ ሽማግሌ፣ አጥሩን ተደግፈው ያዩኛል።

«ልጄ፣ ንብ ግድ አይወድም» አሉኝ።

«አያ ቢሻው፣ እኔኮ ስለ ንብ መጽሐፍ አንብቤያለሁ።»

«እነሱስ አንብበዋል?»

ገመዱን አጠበቅሁ። ቀፎውን ከተከራየሁት መኪና ኋላ፣ እናቴን ከፊት አስቀመጥሁ። ሰበብ አልቆባት፣ የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች ዝም ብላ ተጓዘች። ዝምታዋን እሺታ ነው ብዬ ቆጠርሁት።

ግቢዬ ደርሰን ጆንያውን ስፈታ ንቦቹ ፊቴ ላይ ሰፈሩ፤ ሁለቱም ዓይኖቼ በእብጠት ተደፈኑ። እናቴ ቅቤ እየቀባችኝ፣ «ጠልተውህ አይደለም፤ አላወቁህም» አለችኝ።

ሦስት ቀን ሙሉ ላገኘሁት ሰው ሁሉ «እየለመዱ ነው» አልሁ። እናቴ በር ላይ ተቀምጣ መንገድ መንገዱን ስታይም «እየለመደች ነው» አልሁ። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ንቡ ግር ብሎ ወጣ፤ ከቆርቆሮው ጣሪያ በላይ አንዴ ዞሮ፣ ሄደ።

በዚያው ዕለት አያ ቢሻው እናቴን ሊጠይቁ ሽምብራ ቋጥረው ከመንደር መጡ። ባዶውን ቀፎ በጣታቸው አንኳኩተው ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ግቢው ምን ጎደለው?» አልኋቸው። «ጥላ አለው፣ ውሃ አለው፣ አበባ አለው። ይኸው እማዬ እንኳ ለምዳዋለች!»

«እኔማ ክንፍ የለኝ» አለች እናቴ፣ ቀና ሳትል።

ወደ ቤት ውስጥ ስመለከት ጓዟን አየሁት፤ ከመጣች ጀምሮ ቋጠሮው አልተፈታም ነበር።

«ነገ በጠዋት መኪና ፈልጌ እመልስሻለሁ» አልኋት።

ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። አያ ቢሻው መሬት የወደቀውን ጆንያ አነሡ፤ አራግፈው፣ አጣጥፈው ክንዴ ላይ አኖሩትና «አይዞህ ልጄ፤ ንብ በጆንያ ይመጣል፣ በፈቃዱ ይቀመጣል» አሉኝ።