ከዘር የምትቀነሰው እፍኝ

በሰንበሌጥ አምባ ገብስ ሊዘራ የወጣ ገበሬ በሬዎቹን እንደ ጠመደ ወዲያው ዘር አይበትንም። አስቀድሞ ከዘሩ አቁማዳ አንድ እፍኝ ይዘግናል፤ ማሳው ዳር እሳት አንድዶ ገብሱን በገል ላይ ይቆላል፤ በቤቱ ላለው ለትንሹ ልጅም ይሰጠዋል። ልጅ የሌለው የጎረቤቱን ልጅ ይጠራል። ልጁ በልቶ እስኪጨርስ በሬዎቹ ቆመው ይጠብቃሉ። ምርቃት የለም፤ ማንም ምንም አይናገርም። ከመንደሩ በታች ደግሞ፣ ወደ ጋመ ተራራ በሚወስደው መንገድ በስተግራ፣ የሽብሩ ማሳ የሚባል ጦሙን የሚያድር መሬት አለ። አፈሩ ጥቁርና ልስልስ ነው። በአገሩ ከእርሱ የተሻለ መሬት የለም፤ የሚያርሰው ግን የለም።

የሁለቱም መነሻ አንድ ነው ይላሉ ሽማግሌዎች።

እንደሚነገረው፣ ያ ተራራ ድሮ ጋመ አይባልም ነበር። እንደ ማንኛውም ተራራ ከብት የሚሰማራበት፣ እንጨት የሚለቀምበት ነበር። የቀደሙት ሰዎች እግሩ ሥር የሰፈሩት አፈሩ መልካም ሆኖ ስላገኙት ነው፤ አፈሩን መልካም ያደረገው ምን እንደሆነ ግን የጠየቀ አልነበረም ይባላል።

አንድ ዓመት በግንቦት መሬት ሲንቀጠቀጥ ሰነበተ። ምንጩ ሞቀ፤ ውሻው ሁሉ ወደ ደጋው ሸሸ። ሰው ግን የእርሻ ወቅት ነውና ማሳውን ጥሎ አልተነሣም። ከዚያ ተራራው ፈነዳ። እሳቱ በወዲያኛው ወገን ወርዶ መንደሩን ሳይነካ ስለቀረ የሰንበሌጥ አምባ ሰዎች ተረፍን ብለው ተቃቀፉ። ወዲያው አመድ ይወርድ ጀመር፤ ጣራውንም፣ አጥሩንም፣ የሰውንም ፀጉር አለበሰው። አያ ደምሴ የሚባሉ ቀልደኛ ሽማግሌ ደጃቸው ላይ ቆመው፣

«እግዜር ሊያስፈጭ ወጥቶ አቁማዳው ተቀደደበት መሰለኝ» አሉ።

«እንግዲያማ አቡክተው ይጋግሩልና፣ አያ ደምሴ!» አለቻቸው የሽብሩ ሚስት የሺ። ተሣቀ። ያን ጊዜ ገና ይሣቅ ነበር።

ከብቱ አመድ የለበሰውን ሣር ጋጠ፤ ጥርሱ እንደ ተሞረደ አለቀ፤ ሆዱ እየተነፋ ወደቀ። ግን የከፋው ይህ አልነበረም ይባላል። ወፍራሙ አመድ መሬት ሲያርፍ የረቀቀው ሰማይ ላይ ቀረ። ፀሐይ እንደ ደበዘዘ ናስ ሆና ትወጣለች፤ በዓይን ትክ ብለው ቢያዩዋት አታቃጥልም፤ ሰውም ዛፍም ጥላ አጡ። በሐምሌ ውርጭ ወረደ። ንብ ቀፎውን ጥሎ ጠፋ። የዚያ ዓመት ዘር ቅጠል ሆኖ ቀረ፤ ጎተራው ተጠርጎ ተበላ፤ አቅም የነበረው ተሰደደ።

አያ ደምሴም ቤተሰባቸውን ይዘው ወጡ። በጋው ሲጋመስ ብቻቸውን ተመለሱ። ሽብሩ መንገድ ላይ አገኛቸውና፣

«አያ ደምሴ፣ አመድ ያልደረሰበት አገር አላገኙም?» አላቸው።

«አገኘሁ። ምድሩ ንጹሕ ነው። ፀሐይዋ ግን ያችው ናት። የዚያ አገር ሰዎችም ሥር እየቆፈሩ ነው የሚበሉት።»

«ቤተሰብዎስ?»

«መንገድ ላይ ቀሩ» አሉ።

ሽብሩ ከዚህ በኋላ መሰደድን ከልቡ አወጣ። እርሱ ጭምት፣ ደረቅ፣ ቃሉን የማያጥፍ ገበሬ ነበር ይላሉ። ከመንደሩ ሁሉ የዘር ገብስ ያልበላ እርሱ ብቻ ነበር። አንድ አቁማዳ ቀርቶታል፤ ራስጌው አድርጎ ይተኛበታል። የዘር እህል እንደማይበላ ከአባቱ ተምሯል፤ አባቱም ከአባቱ። እስከዚያ ዓመት ድረስ ይህ ሕግ ማንንም አሳስቶ አያውቅም።

ወለቴ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። እግሯ እያበጠ ሲሄድ የሺ ባሏን ለመነችው።

«አንቱ፣ አንድ እፍኝ ብቻ። ለእርሷ ብቻ።»

«ዛሬ እፍኝ፣ ነገ እፍኝ። ሰኔ ሲገባ ምን ልዘራ ነው?»

«ሰኔን ማን ያየዋል?»

«እርሷ ታየዋለች። የምጠብቀው ለእርሷ አይደለም ወይ?» አላት።

ያለው እውነት ነበር። የሚነገረው እንዲህ ነው፤ በነጋታው ልጅቱ እየዳኸች ወደ አባቷ መጣች።

«አባባ፣ አይበላም አይደል?»

«አይበላም፣ ልጄ።»

«አልበላም። ላሽተው ብቻ።»

ሽብሩ የአቁማዳውን አፍ ፈታላት። ልጅቱ ፊቷን ቀብራ ብዙ አሸተተች፤ ከዚያ ቀና ብላ፣ «እሰረው፣ እንዳይፈስ» አለችው። እርሱም አሰረው። በዚያው ሳምንት ሞተች። ጉድጓዱን አባቷና አያ ደምሴ ቆፈሩ፤ አመዱን ጠርገው እስከ አፈሩ ለመድረስ ብቻ ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው ይባላል።

ሰኔ ገባ። በሬ ስላልነበረ ሽብሩ መሬቱን በዶማ ቆፈረና ገብሱን ሁሉ ዘራ፤ አንዲት ፍሬ እንኳ አላስቀረም። በቀለ። ቁመቱ ደረሰ፤ ዛላ አወጣ። ከሩቅ ያየው ጥሩ ገብስ ነው ይል ነበር። አጨዳው በደረሰ ጊዜ ሽብሩ አንዱን ዛላ ቀንጥሶ በመዳፉ አሸውና እፍ አለበት። መዳፉ ባዶ ሆነ። ሌላውን አሸ፤ እንደዚያው። ማሳውን ከዳር እስከ ዳር እየቀነጠሰ ሄደ። የሺ ከዳር ቆማ ታይ ነበር።

አያ ደምሴ ሊያጽናኑ ብለው፣ «ተይ የሺ፣ አንድ እፍኝ ገብስ ልጅቱን አያድናትም ነበር» አሏት።

«አውቃለሁ፣ አያ ደምሴ» አለች። «አያድናትም ነበር። ቀምሳ ትሄድ ነበር።»

ሽብሩ ይህን ሰማ። የሺ ክረምቱ ከመምጣቱ በፊት ሞተች፤ አያ ደምሴም ተከተሏት።

ፀሐይ ስትመለስ ከመንደሩ የቀረው ጥቂት ሰው ነበር። ከሩቅ አገር ዘር መጣና ለየሰዉ ሲታደል ለሽብሩም ደረሰው። እርሱ ግን ማሳው ዳር እሳት አነደደ፤ አንድ እፍኝ ቆላና በዚያ የምታልፍ አንዲት የጎረቤት ልጅ ጠርቶ አበላት። የቀረውን ለጎረቤቶቹ አከፋፈለ። «እንደዚህ ሳታደርጉ እንዳትዘሩ» አላቸው። የራሱን ማሳ እስኪሞት አልነካውም፤ ከሞተም በኋላ የነካው የለም።

ይህ ልማድ አዝመራ አይጠብቅም። ውርጭ ሲመታ እናውቀዋለን፤ ተራራውም በብርድ ጠዋት ዛሬም ከአናቱ ይጨሳል። አንድ ቀን ዳግመኛ ቢነሣ እፍኟ የምትመልሰው ነገር የለም፤ ይህንንም ሁሉ ሰው ያውቃል። ልጆች ቆሎው ሲጣፍጣቸው ጨምሩልን ይላሉ። አይጨመርም። ልጁ አፉን ከፍቶ መዋጡን ያሳያል፤ አባትየው ጎንበስ ብሎ ያያል። ከዚያ እርፉን ይይዛል።