የወለላ እግር በማን በገነ?

ጆሯችሁን ወዲህ፣ እግራችሁን ሰብሰብ፤ የማወራው ስለ እግር ነው።

ወለላ የምትባል ልጅ ሰኞ ማክሰኞ ስትጫወት፣ ቅዳሜ ላይ ደርሳ እሑድ ብቻ ሲቀራት፣ የግራር እሾህ ወጋት። እናቷ ስትስበው ተሰበረና ጫፉ ውስጥ ቀረ። ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ሲስተር የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ወጋቻትና፣ «ጫፉ ጠልቋል፤ በመርፌ እንዳትቆፍሪው። ለብ ባለ ውሃ ንከሪላትና ነገ መልሰሽ አምጫት። ብግነት ይኖረዋል፣ አትደንግጪ» አለቻት።

ብግነት! እናቷ ሽሮው ሲያርርባት «ኧረ ብግን አልኩ!» ትላለች። ብግነት ንዴት ነው ማለት ነው።

«እማዬ፣ እግሬ በማን ነው የሚበግነው?»

«እኔ ምን አውቄ፤ ራሱን ጠይቂው።»

ጓደኛዋ ዝናሽ ደግሞ በአጥር ቀዳዳ አይኗን አስገብታ፣ «አንቺ ቅዳሜ ላይ የቀረሽው! ትምህርት ቤት ሳይከፈት ካልጨረስሽ እሑድ የኔ ነው። በጀመርሽበት እግር ነው ደግሞ፣ ማታለል የለም!» አለቻት።

ወለላ እግሯን ሳፋው ውስጥ ነክራ ጠየቀች።

«እሾህ፣ እሾህ፣ ውጣልኝ፤ እሑድን ልዝለል።»

«አልወጣም» አለ እሾህ። «ሥጋ ነው አንቆ የያዘኝ።»

«ሥጋ፣ ሥጋ፣ ልቀቀው። እሾህ አልወጣም አለ፤ እኔም እሑድን አልዘለልኩም።»

«አልለቅም» አለ ሥጋ። «የተሸመንኩበትን ክር በጥሶ የሚያላላኝ ቆራጭ ይምጣ።»

ቆራጭ ኢንዛይም የሚሉት ነው። ምላጭ የለው፣ ጥርስ የለው፣ ግን ይቆርጣል።

«ቆራጭ፣ ቆራጭ፣ ሥጋን አላላው። ሥጋ አልለቅም አለ፤ እሾህ አልወጣም አለ፤ እኔም እሑድን አልዘለልኩም።»

«ወይ ጉድ! እኔ ገና አልተሠራሁም እኮ። ዘበኛውን ለምኚ» አለ ቆራጭ። ያልተሠራ ነገር እንዴት እንዳወራ አትጠይቁኝ።

ዘበኛው ሰውነታችንን የሚጠብቅ ነጭ የደም ሴል ነው።

«ጋሼ ዘበኛ፣ ጋሼ ዘበኛ፣ ቆራጭን ይሥሩልኝ። ቆራጭ አልተሠራሁም አለ፤ ሥጋ አልለቅም አለ፤ እሾህ አልወጣም አለ፤ እኔም እሑድን አልዘለልኩም።»

«አልሠራም፣ የኔ ልጅ። ዝም ብዬ ብሠራው ጤነኛውንም ሥጋ ይቆራርጥብሻል። አሠራሩ ያለው አስኳሌ ውስጥ ነው፤ አስኳሌ ደግሞ ዝግ ነው።»

አስኳል ልክ እንደ እንቁላል አስኳል በሴሉ ሆድ ውስጥ ድቡልቡል ብሎ ተቀምጧል።

«አስኳል፣ አስኳል፣ ተከፈት። ጋሼ ዘበኛ አልሠራም አሉ፤ ቆራጭ አልተሠራሁም አለ፤ ሥጋ አልለቅም አለ፤ እሾህ አልወጣም አለ፤ እኔም እሑድን አልዘለልኩም።»

«አልከፈትም። ቁጣ ካላንኳኳ ለማንም አልከፍትም።»

ቁጣ ከሴል ወደ ሴል የሚሮጥ መልእክተኛ ነው።

«ቁጣ፣ ቁጣ፣ አንኳኳ። አስኳል አልከፈትም አለ፤ ጋሼ ዘበኛ አልሠራም አሉ፤ ቆራጭ አልተሠራሁም አለ፤ ሥጋ አልለቅም አለ፤ እሾህ አልወጣም አለ፤ እኔም እሑድን አልዘለልኩም።»

«አላንኳኳም» አለ ቁጣ። «ማን ላከኝ? በማንስ ልቆጣ?»

ወለላ የምትጠይቀው አለቀባት። እናቷ ሳፋው ላይ ሙቅ ውሃ ጨመረች።

ያኔ ከእሾሁ ሥር ኪኪኪ የሚል ሳቅ ተሰማ። እሾሁ ላይ ተሳፍራ የገባች ጀርም ነች። «ዘመዶቼ፣ ኑ ብሉ! ቤቱ ሞቋል፣ ዘበኛውም ተኝቷል!»

«ማነው የተኛው?!» አለ አጠገቧ የነበረ ሌላ ዘበኛ። ቁጣንም ላከው።

ቁጣ ሮጦ አንኳኳ፤ አስኳል ተከፈተ፤ ጋሼ ዘበኛ ሠሩ፤ ቆራጭ ተሠራ፤ ቆራጭ የሥጋን ክር በጠሰ፤ ሥጋ ላላ። እግሯ ቀላ፣ ጋለ፣ አበጠ።

«እማዬ!» አለች ወለላ ጠዋት። «እግሬ በግኗል! በማን እንደሆነም አውቄያለሁ!» የጀርሟን ሳቅም፣ የቁጣን ማንኳኳትም አንድ በአንድ ነገረቻት።

ሲስተር ጫን ስታደርገው ትንሽ መግል ወጣ፤ ከመግሉም ጋር እሾህ ሹልክ አለ።

«ልቀጥል?» አለ ቆራጭ፤ ሥራው ጥሞት ነበር።

«ይበቃል» አለ እርጋታ የሚባል ሌላ መልእክተኛ። አስኳል ተዘጋ፤ ጋሼ ዘበኛም እጃቸውን ሰበሰቡ።

ቁስሉ ደረቀ። በትምህርት ቤት መክፈቻ ዋዜማ ወለላ ቅዳሜ ላይ ቆመች፤ በዚያው እግሯ ዘለለች፤ እሑድን ረገጠች።

«መስመር ነካሽ!» አለች ዝናሽ።

«አልነካሁም!»

«ነክተሻል! አንካሳ!»

የወለላ ፊት ቀላ፣ ጋለ፣ ጉንጯ አበጠ።

እናቷ ልብስ እያሰጣች ቀና አለች። «ወለላ፣ ማነው የሚያንኳኳው?»

ወለላ ወደ እግሯ አየች። እግሯ እሑድ ላይ ነው፤ መስመሩ ደግሞ እዚያ ማዶ ነው።

«ይበቃል» አለችና ሳቀች።

ያዋሳችሁኝን ጆሮ ውሰዱ፤ እግራችሁንም ዘርጉ።