በትእዛዝ የደረቀ ቀለም
ደሴ ውስጥ ባለ አንድ የቲሸርት ማተሚያ ቤት የዕለቱን ሥራ ተራ በተራ የምታስኬድ ምላሰኛ ሴት ነበረች። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አንድ ትልቅ ሹም እየተንጎራደዱ ገቡና፣ ገና አሁን የታተመውን ሦስት መቶ ቲሸርታቸውን እያዩ «አሁኑኑ ጠቅልሉልኝ!» አሉ።

«ጌታዬ፣ ቀለሙ አልደረቀም። አሁን ከታጠፈ ይበላሻል» አለቻቸው።

«እኔ ደርቋል ካልኩ ደርቋል! ቢበላሽ ደግሞ ከሥራሽ አስባርርሻለሁ!» ብለው ጮኹባት። ሠራተኞቹ ሁሉ በድንጋጤ እጃቸውን ሰበሰቡ።

ሴትዮዋ ግን ቀይ ጽሑፍ ያለበትን አንዱን ቲሸርት በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ወደ ሹሙ ተጠጋች።

«እርስዎ ካሉማ ደርቋል፤ ማን ይጠራጠራል? በሉ እንግዲህ፣ ልክዎ መሆኑን በዚህ ነጭ ኮትዎ ላይ ለጠፍ አድርጌ ልየው» አለች።

ሹሙ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«ኧረ ቆዪ! ቆዪ! ለመሆኑ ስንት ሰዓት ልመለስ?»