ከልጆቹ ወጥታ ከሴቶቹ ያልገባችው ልጅ

አንድ የጨው ነጋዴ ነበር። ስሙ ጓንጉል ይባላል። በቅሎዎቹን ጭኖ ቆላ ወርዶ፣ ደጋ ወጥቶ እስኪመለስ ብዙ ጊዜ ወራት ያልፋሉ። እሱ በሌለበት ቤቱን የምትይዘው ሚስቱ በላይነሽ ናት። ከልጆቻቸው የመጀመሪያዋ ትርንጎ ትባላለች። ታሪኩ የነጋዴው ይመስላል እንጂ የእሷ ነው።

ትርንጎ በልጅነቷ የመንደሩ ልጆች አለቃ ነበረች። ድብብቆሽ ሲጫወቱ ማን እንደሚፈልግ የምትወስነው እሷ ናት። እቃ እቃ ሲጫወቱ እናት የምትሆነውንም ሙሽራ የምትሆነውንም የምትመርጠው እሷ ናት። ሲጣሉ ደግሞ ጎትታ የምታስታርቃቸው እሷው ናት። ማንጠግቦሽ የምትባል የልብ ጓደኛ ነበረቻት፤ አንዷ ያለሌላዋ ቆሎ እንኳ አትቆረጥምም። አባቷ ከመንገድ ሲመለስ የበቅሎዎቹን ቃጭል ከሩቅ ትሰማና ነጠላዋን ጥላ ትሮጣለች። አንገቱ ላይ ተንጠልጥላ ነው ቤት የሚገቡት።

አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላት ሲል ግን አንድ ክረምት መጣና ሁሉንም ነገር ለወጠው። በዚያ ክረምት ትርንጎ ተመዘዘች። ቀሚሷ ጉልበቷ ላይ ቀረ። እጅና እግሯ የሌላ ሰው ይመስል አልታዘዝ አሏት፤ ስትነሳ ከምሰሶ ትጋጫለች፣ ስትቀመጥ ዕቃ ትደፋለች። ሰውነቷ ላይም ለማንም ያልነገረችው፣ ማንም ያልነገራት ለውጥ ጀመረ።

ዝናቡ አባርቶ ልጆች ወደ ሜዳ ሲወጡ እሷም እንደ ልማዷ ወጣች። ድብብቆሽ ተጀመረ። ትርንጎ ድሮ ከምትደበቅበት ቁጥቋጦ ሥር ገባች። ቁጥቋጦው ግን አልሸፈናትም፤ ጭንቅላቷ ከላይ፣ እግሯ ከጎን ወጥቶ ቀረ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ።

«አንቺ ትልቅ ሴት ሆነሻል፤ ከእኛ ጋር አትጫወቺም!» አለ አንዱ።

ትርንጎ ዞር ብላ ማንጠግቦሽን አየቻት። ማንጠግቦሽም ከልጆቹ ጋር ትስቅ ነበር። ያልሳቀ ቀጥሎ እንደሚሳቅበት ስለፈራች ነው የሳቀችው። ይህን ግን ትርንጎ የተረዳችው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ያን ቀን የተረዳችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከሜዳው መውጣት እንዳለባት።

በማግስቱ የሚታጠበውን ልብስ ተሸክማ ሴቶቹ ወደሚያጥቡበት ወንዝ ወረደች። ትልቅ ሴት ሆነሻል ከተባለች ቦታዋ እዚያ ነው ብላ አሰበች። ሴቶቹ እንዶድ እየወቀጡ ይሳሳቃሉ። አንዷ ስለ ባሏ የጀመረችውን ወሬ ትርንጎን ስታይ አቋረጠችው።

«ልጅ ፊት ይሄ ይወራል እንዴ? አንቺ፣ ልብሱን እዚያ አኑሪና ሂጂ፤ ከእኩዮችሽ ጋር ተጫወቺ።»

ከእኩዮቿ ዘንድ ተባርራ መምጣቷን አላወቁም። እሷም አልነገረቻቸውም።

ቤት ውስጥም ነገሩ ይኸው ነበር። ጮክ ብላ ከሳቀች እናቷ «ትልቅ ሴት ሆነሽ አታፍሪም?» ትላታለች። ሽማግሌዎች በተቀመጡበት ሐሳብ ከሰጠች ደግሞ «ዝም በይ፣ ልጅ አይደለሽም እንዴ!» ትባላለች። ለሥራ ሲፈልጓት ትልቅ፣ ለወሬ ስትጠጋ ትንሽ ሆነች።

ከዚያ የአባቷ በቅሎዎች ቃጭል ከሩቅ ተሰማ። ትርንጎ ልቧ ዘለለ፤ ለመሮጥም ተነሣች። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ግን እግሯን አየች፣ ያጠረ ቀሚሷን አየች፤ አፈረችና ከበሩ ኋላ ቆመች። ጓንጉል ግቢ ሲገባ የሚንጠለጠልበት አጣ።

«ምነው ትርንጎ፣ አልናፈቅኩሽም?» አላት።

መናፈቋን ልትነግረው ፈልጋ ነበር። አፏ ግን እሺ አላላትም፤ መሬት መሬቱን አየች። አባቷ ንቀት መሰለው። ይዞላት የመጣው የጨሌ አምባር ከእጇ አልገባ ሲል እዚያው ፊቷ ለታናሽ እህቷ አጠለቀላትና «ልጅቷ ጠግባለች» ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ እሱም ሆነ እናቷ ስሟን መጥራት ተዉ። «አንቺ፣ ውኃ!» «አንቺ፣ እንጨት!» ብቻ ሆነ።

በልጆቹ ሜዳና በሴቶቹ ወንዝ መካከል የማሽላ ማሳ አለ። ማሳው ውስጥ ወፍ የሚጠበቅበት ማማ ቆሟል። ማሽላው ከታጨደ በኋላ ማንም ስለማይወጣበት ትርንጎ ሥራዋን እየጨረሰች እዚያ መውጣት ጀመረች። ጉልበቷን አቅፋ ትቀመጣለች። ከአንድ በኩል የልጆቹ ጫጫታ፣ ከሌላው በኩል የሴቶቹ ሳቅ ይሰማታል። ሁለቱም ወገን እሷን አይጠራም። አንዳንዴ የልጆቹን ዘፈን ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች አብራቸው ትዘፍናለች።

ዝምታዋ ሲበዛ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ መከረ። አንዷ ዓይን በልቷታል፣ ጠበል ውሰዷት አለች። አንዱ አለንጋ ነው መድኃኒቷ አለ። ሌላው ባል ፈልጉላት፣ ጨዋ ትሆናለች አለ። ይህ ሁሉ ሲባል ትርንጎ ለእንግዶቹ ጠላ እየቀዳች መካከላቸው ትዞር ነበር። ምን ሆነሽ ነው ብሎ የጠየቃት ግን አልነበረም።

በገበያ ቀን ከሩቅ ከተማ ሻሽና መቀነት ይዛ የምትመጣ ዘርትሁን የምትባል ሴት ነበረች። አንድ ቀን ትርንጎ ሻሾቹን ቆማ ስታይ ሴትዮዋ ፈገግ አለችላት።

«የኔ ቆንጆ፣ ስምሽ ማነው?»

«ትርንጎ።»

«ትርንጎ! እንዴት ደስ የሚል ስም ነው። ነይ እስቲ አጠገቤ ተቀመጪ። ምን ያስከፋሻል?»

ትርንጎ ተቀመጠች። አንዴ መናገር ከጀመረች በኋላ ማቆም አቃታት። ስለ ቁጥቋጦው፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ አምባሩ፣ ስለ ማንጠግቦሽ ሳቅ ነገረቻት። ዘርትሁን ራሷን እየነቀነቀች ሰማቻት። በሚቀጥለው ገበያ ደግሞ አወሩ፣ ከዚያም ደግሞ። በመጨረሻ ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለቻት፤

«እነዚህ ሰዎች ዋጋሽን አላወቁም። ከእኔ ጋር ከተማ ግቢ። እዚያ ሰው ትሆኛለሽ። ለማንም እንዳትናገሪ ብቻ።»

ሴትዮዋ የመንደር ልጆችን እያባበለች ለሰው ቤት ገረድነት የምታስገባ ነበረች። ከወሰደቻቸው መካከል ወደ እናቷ የተመለሰች አልተሰማም። ትርንጎ ይህን ከየት ታውቀዋለች? የምታውቀው ሰው እንዳናገራት ነው።

በማለዳ ጥቂት ልብሷን ጠቅልላ ወጣች። እናቷም፣ ልጅቷ ማማው ላይ ናት ብላ አልፈለገቻትም። ዘርትሁን አዲስ ነጠላ አከናነበቻትና መንገድ ጀመሩ። ፀሐይ ስትበረታ ከወንዙ መሻገሪያ ደረሱ። ሴትዮዋ ውኃ ልትቀዳ ወደ ታች ስትወርድ ትርንጎ ጥቅልሏን ይዛ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ ቆመች።

በዚያው ሰዓት ጓንጉል ዳግመኛ ከወጣበት ንግድ ሲመለስ ጭነቱን ይዞ ከማዶ እየተሻገረ ነበር። መንገዱ ላይ ተከናንባ የቆመች ረጅም ሴት አየ። በቅሎዎቹ እንዳይገፏት ሰግቶ ከሩቅ ተጣራ፤

«እንደምን ዋሉ እመት? ይቅርታ ያድርጉልኝና ጥቂት ፈቀቅ ይበሉ፤ በቅሎዎቹ ያስደነግጡዎታል።»

ትርንጎ ድምፁን አወቀችው። ካለፈው ክረምት ወዲህ ከዚህ አፍ የሰማችው «አንቺ፣ ዞር በይ» ዓይነት ትእዛዝ ብቻ ነበር። ለማያውቃት ሴት ግን ይኸው አፍ እንዲህ ለስልሶ ይናገራል። ዞር ብላ አየችው።

«አባዬ» አለች።

ጓንጉል መጀመሪያ አላመነም። ቀጥሎ ጥቅልሏን አየ፣ ከታች ማሰሮዋን ጥላ ወደ ጫካው የምትሮጠውን ሴት አየ፤ ነገሩ ገባው። ደሙ ፈልቶ አለንጋውን አነሣ። ግን እጁ አየር ላይ ቀረ። አሁን በአክብሮት ፈቀቅ ይበሉ ያላትን ሴት ነው ሊመታ የተነሣው። ልጁ ይህን ያህል ስታድግ የት ነበር? ሰላም ሲላት የራሱን ልጅ እንዳላወቃት ሲረዳ ከመንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ከማታውቂያት ሴት ጋር እንዴት ትሄጃለሽ? ምን ሰጥታሽ ነው?»

«ምንም አልሰጠችኝም። ስሜን ጠየቀችኝ።»

«ስላላወቀችው ነዋ የጠየቀችሽ!»

«እናንተስ ታውቁታላችሁ እንዴ አባዬ? እናንተ ዘንድ እኮ ‹አንቺ› ነው የምባለው።»

ብዙ አገር የዞረ፣ በየገበያው የሰው ልብ አነባለሁ ብሎ የሚኩራራ ነጋዴ፣ የገዛ ልጁን ልብ ግን ሳያነብ ቀርቶ ነበር። ተነሥቶ በቅሎዎቹን ነዳ። ጎን ለጎን በእግራቸው ሄዱ። ብዙ መንገድ ከሄዱ በኋላ፣

«ማማው ላይ ወጥተሽ ምን ታደርጊያለሽ?» ብሎ ጠየቃት።

«እሰማለሁ» አለች። «ልጆቹም ሴቶቹም ከዚያ ይሰማሉ።»

አባትየው ፊቱን ወደ በቅሎዎቹ አዞረ። ዓይኑን እንዳታይበት ነው።

ቤት ሲደርሱ በላይነሽ ወሬውን ከመንገደኛ ሰምታ ዱላ ይዛ ወጣች። ጓንጉል እጇን ያዘ። «ቆይ፣ መጀመሪያ እንስማት» አላት። ትርንጎም ለዘርትሁን የነገረቻትን ሁሉ ነገረቻቸው። ይህን ጊዜ ግን መናገሩ ከበዳት፤ የምትነግራቸው ሰዎች የምትወዳቸው ናቸውና። በላይነሽ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ ዱላውን ጣለችና ወደ ልጇ ሳይሆን ወደ ባሏ ዞረች።

«እኔ በእሷ ዕድሜ ያንተ ሚስት ነበርኩ» አለችው። «ሜዳ ላይ ስጫወት ጠርተው ዳሩኝ። ማታ ማታ እዚህ ጓዳ ተደብቄ አለቅስ ነበር። ማን ጠየቀኝ? ይህ ዕድሜ ምን እንደሚመስል ከየት ላውቅላት? እኔ አላለፍኩበትማ።»

ትርንጎም እናቷን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ አንድ ሰው አየቻት፤ ጓዳ ውስጥ የምታለቅስ፣ የሷን ያህል የነበረች ልጅ። ሄዳ አጠገቧ ቆመች። ቁመታቸው እኩል ነበር።

የትርንጎ ብቸኝነት በአንድ ቀን አልለቀቃትም። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ቀን አይለቅም። ሆኖም አባቷ ወደ ቅርቡ ገበያ ሲሄድ ይዟት ይሄድ ጀመር፤ በመንገድም «ትርንጎ፣ ምን ይመስልሻል?» ይላታል። እናቷ ወንዝ ይዛት ወረደች። ሴቶቹ ወሬ ሲያቋርጡም፣ «ወሬያችን ልጄ የማትሰማው ከሆነ ወሬያችንን እንለውጣ» አለቻቸው። ከታናናሾቿ ጋር መሯሯጥ ሲያምራት ደግሞ አታፍሪም የሚላት ጠፋ። ዝም የምትልባቸው ቀናት አሁንም አሉ። ያን ጊዜ አይጎተጉቷትም፤ ብትመጣ ቦታዋ እንዳለ ግን ታውቃለች።

ወዳጄ ሆይ፣ ልጅነትና ጎልማሳነት ተያይዘው የተሠሩ ሁለት ቤቶች አይደሉም። በመካከላቸው ረጅም መንገድ አለ። ልጅ ከአንዱ ወጥቶ ከሌላው ሳይገባ ብቻውን የሚሄደው በዚያ መንገድ ነው። ሰውነቱ ይቀድመዋል፣ ልቡ ይከተለዋል፣ ጓደኞቹ ይርቁታል፣ ለራሱም እንግዳ ይሆናል። ዝምታው ብዙ ጊዜ ጥጋብ አይደለም፤ ቃል ያላገኘ ጥያቄ ነው። እኛ ካላናገርነው የሚያናግረው ሌላ ሰው አይጠፋም፤ ያ ሰው ወዴት እንደሚወስደው ግን አናውቅም።

በእርስዎ ቤት በዚያ መንገድ ላይ ያለ ልጅ አለ? ዛሬ ከማን ጋር አወራ?