የጃርት ድንች

ተረት ተረት! «ንገረን» በሉኝማ።

አንድ ድንች አብቃይ ጃርት ነበረ። ነጋዴው ጦጣ ገበያ ላይ እስኪመሽ ድንቹን አይገዛውም፤ ጅብ ሲጮህ ጃርት ድንቹን በርካሽ ጥሎለት ይሮጣል። አምና በዚህ የተነሳ አንዱን ልጁን ረሃብ ወሰደበት። የቀረችው አንዲት ናት።

ዘንድሮ ጎረቤቱ ፍልፈል፣ «ጦጣ ለነገው የዝሆን ሠርግ ድንች ሊያቀርብ ቃል ገብቷል፤ አሁን የቸኮለው እሱ ነው» ሲል ነገረው።

ጃርት የተሸፈነ ቅርጫቱን ይዞ ገበያ ወጣ። ጀምበር አዘቀዘቀች። ጅብ ጮኸ። የጃርት እሾህ ቆመ፤ ግን ከቦታው አልተነሳም።

«አያ ጃርት፣ ያን ሸክም ይዘህ ከጅብ ልታመልጥ ነው?» ሲል ጦጣ ሳቀበት።

ጃርት ቅርጫቱን ገለጠው፤ ሦስት ድንች ብቻ ነበረበት።

«ሌላውን አልቆፈርኩትም። በእኔ ዋጋ የምትገዛ ከሆነ ማሳዬ ድረስ ና» ብሎ መንገድ ጀመረ።

ጅቡ ቀርቦ ጮኸ። ጦጣ ባዶ ጆንያዎቹን አቅፎ ተከተለው፤

«ባልከው ዋጋ ይሁን! ብቻ ቆየኝ፣ አያ ጃርት!»